አንድ ጉንጭ የጣና ውሃ

ከሚሌኒየሙ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ልጆቼ ከፍ ካሉ በኋላ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ሄጄ መኪና ውስጥ ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። ከዚያ በፊት ባለቤቴንና ልጆቼን ትቼ ከቤት ውጭ ያደርሁት ለቅሶ ለመድረስ ብቻ ነበር።

ሦስታችንም በወር አንድ ጊዜ የምንገናኝ የማርያም ማኅበርተኞች ነን። አንዷ ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ ናት፤ በግብርና መሥሪያ ቤት መኪና ስትነዳ ኖራ በጡረታ የወጣች። እሷን ሹፌሯ እላታለሁ። ሁለተኛዋ ይጁቤ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ባለሱቋ ልበላት። የተወለደችው ግን ጣና ዳር ነው። ወደ እኛ አገር ያመጣት ትዳር ነው።

ባለሱቋ እንቅርት ነበረባት። ብዙ ዓመት በነጠላዋ ሸፍናው ኖረች፤ እኛም ለምደነው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሐኪሞች እብጠቱ የአየር ቧንቧዋን እየተጫነ መሆኑን ነግረው ወደ አዲስ አበባ ጻፉላት፤ እዚያም ለቀዶ ጥገና ቀጠሩላት። ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሐሙስ ጠዋት አልጋ እንድትይዝ ተባለ።

«መቀደዱን አልፈራም» አለችን። «ሳልነቃ የቀረሁ እንደሆነ ነው እንጂ። ሥጋ ወደሙ ሳልቀበል መሄድ አልፈልግም።»

ከልጅነቷ ወዲህ ቆርባ አታውቅም። ትዳሯ የሰማንያ ነበር፤ አብረን እንቁረብ ስትለው ባለቤቷ ዛሬ ነገ ሲል ሞት ቀደመው። አሁን ንስሐ ገብታለች። የንስሐ አባቷ የሰባት ቀን ቀኖና ሰጥተዋታል፤ ሰባቱ ቀን የሚሞላው እሑድ ነው። ልትቆርብ የፈለገችው ደግሞ ክርስትና በተነሣችበት፣ አባቷ በተቀበሩበት የሐይቅ ዳር ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀኑን አብረን ቆጠርነው። ሰኞና ማክሰኞ አሉ። ረቡዕ ሙሉውን የአዲስ አበባ መንገድ ይወስደዋል። ሐሙስ አልጋ ነው።

«በአውቶቡስ አይደረስም» አልሁ።

«በአውቶቡስ ማን አለሽ?» አለች ሹፌሯ።

ሹፌሯ፣ ሟች ባለቤቷ የተዉላት አሮጌ ሚኒባስ ነበራት። እሳቸው ሽንኩርት ይጭኑበት ነበር፤ ሽታው አልለቀቀውም። ከዓመታት በፊት ፈረንጆች አልጋ የተዘረጋበት መኪና ይዘው ከተማችን አድረው ሲሄዱ አይታ ኖሮ፣ «የእኔስ ከማን ያንሳል?» እያለች ስታወራ ትኖር ነበር። አሁን ምክንያት አገኘች። የኋላውን ወንበሮች አስወለቀች። ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍን። ከአሮጌ ቀሚሴ መጋረጃ ሰፋሁ። ቡታጋዝ፣ ጀሪካን ውሃ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ሦስት ጃንጥላ ጫንን። ባለቤቴ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ጎማው ደኅና ነው» አለ። መፍቀዱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጣን። ደምበጫ አካባቢ አንድ ወጣት ትራፊክ አስቆመን።

«እማማ፣ ሹፌሩ የት ሄደ?»

«ፊትህ ተቀምጣለች» አለችው መንጃ ፈቃዷን እያወጣች።

ፈቃዱን አየው፤ እሷን አየ፤ እንደገና ፈቃዱን አየ። «ምን ጭናችኋል?»

«ሁለት አሮጊት።»

«ትርፍ ሰው የለም?»

«የኋለኛዋ ወሬዋ ብቻውን የሦስት ሰው ነው። እሱን ካልቆጠርኸው ትርፍ የለም።»

ባለሱቋ ከኋላ ሆና «ወንድሜ፣ አትስማት፣ መሪው እጇ ላይ ስለሆነ ነው የምታሾፍብን» አለችው። ልጁ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «በሉ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ ለእኔም ጸልዩልኝ» ብሎ ለቀቀን።

እውነት ነበር፤ ባለሱቋ ወሬ ትወዳለች። ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን ያለፍነው እሷን እየሰማን ነው። ዱርቤቴ ላይ ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ ስለ ሐይቁ ማውራት ጀመረች። ልጅ ሳሉ ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አስረው፣ እስሩን ደረታቸው ሥር አድርገው፣ ከጥልቁ በኩል ሞገድ ሲመጣ ጠብቀው አብረውት ወደ ዳር ይመጡ ነበር። ሞገዱ አሸዋው ላይ ይጥላቸዋል። ተነሥተው ይመለሳሉ። እናቷ በአርጩሜ እስኪያስወጧት ድረስ።

«ሴት ልጅ?» አልኋት።

«ከወንዶቹ እኔ እበልጥ ነበር።»

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት መንገዱ የሚያልቅበት መንደር ደረስን። መኪናዋን አንድ ዋርካ ሥር አቆምናት። ባለሱቋ ሳይመሽ ሽሮዋን በላች፣ ውሃዋን ጠጣች፣ አፏን ታጥባ ተከለከለች። ለመቍረብ ከእህልም ከውሃም አሥራ ስምንት ሰዓት መከልከል ያስፈልጋል። የፍልሰታ ቅዳሴ በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጊዜው ይበቃት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስንነቃ መሬቱ በዝናብ ረክቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሐይቁ ገባ ባለ ኮረብታ ላይ ከዛፎቹ መካከል ይታያል። በእግር ሁለት ሰዓት፣ በታንኳ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ዳር ላይ ቆመዋል።

«በእግር እንሂድ» አለች ባለሱቋ።

«ጭቃ ለብሰሽ ልትቆርቢ ነው?» አልኋት። ነጠላዋን በእጄ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ አጣጥፌ ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። ነጭ ሆና እንድትገባ ፈለግሁ። ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ እሷም እሺ አለች።

ሹፌሯ መኪናውን ልትጠብቅ ቀረች። እኛ ሁለታችን ተሳፈርን። ታንኳ ማለት የደንገል ክምር ነው፤ ውሃው ከታች ቀሚስ ያርሳል። እኔ ዋና አላውቅም። እመቤቴን እየጠራሁ የፊት የፊቱን እያየሁ ተቀመጥሁ። መካከል እስክንደርስ ደኅና ነበር። ከዚያ ከኋላችን ነፋስ ተነሣ፤ ሐይቁ መነሣትና መውረድ ጀመረ።

ወደ ዳሩ ስንቃረብ ሽማግሌው መቅዘፉን ትተው ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ።

«ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ይኼኛው ያደርሰናል» አሉ።

ሞገዱ ከሥር ገብቶ አነሣን። ሽማግሌው ዘንጉን በጎን አስገብተው ታንኳውን ለሞገዱ ለቀቁለት። ሳንቀዝፍ፣ ምንም ሳይነካን፣ ቁልቁል እንደሚንሸራተት ሰው ወደ ዳር በረርን። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከጎኔ ሳቅ ሰማሁ። ባለሱቋ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። በዚያች ሰዓት የሞገዱ ጫፍ በታንኳው ጎን ተመታና ፊታችን ላይ ተረጨ።

ሳቁ ቆመ። ታንኳው ደንገሉ መካከል ገብቶ ቆመ። እሷ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ዋጥሁ» አለች።

«ምን?»

«ውሃ ዋጥሁ።»

የሚቀጥለውን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን ብያለሁ። «ምናልባት አልዋጥሽው ይሆናል። ፊትሽን ነው የመታሽ። ምራቅሽ ነው» አልኋት።

ተቆጥታ አይደለም ያየችኝ። «ይህን ጉሮሮ ተሸክሜው የኖርሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳለፈበት አውቃለሁ» አለች።

ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው ገመዳቸውን ያስተካክላሉ። ዳገቱን ወጣን። ከእኔ በቀር ያየ የለም። ሽማግሌው ለማንም አይናገሩም። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ አንድ አረጋዊ ቄስ ሄደች። አባቷን የሚያውቁ፣ ልጅ ሆና የሚያስታውሷት፣ መምጣቷም ቀድሞ የተነገራቸው ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አባ፣ ውሃ ዋጥሁ።»

«ጠምቶሽ ነው ልጄ?»

«አይደለም አባ። ስስቅ ነው።»

«በምን ሳቅሽ?»

«በሞገዱ።»

ቄሱ ወደ ሐይቁ አዩ። «መሳቅሽ ምንም አይደለም» አሉ። «ውሃው ግን ውሃ ነው። ዛሬ አልሆነም።»

«ሐሙስ ሐኪም ቤት እገባለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ነገ እዚህ ቅዳሴ የለም። እኛና ማዶ ያለችው ማርያም ካህናት አንሰውን በፈረቃ ነው የምንቀድስ። ነገ ተራው የእሷ ነው፤ እኔም እዚያ ነኝ። ዛሬ ማታ በጊዜ ተከልከይና ነገ እዚያ ነይ። ወንጌል ሳይነበብ ድረሽ እንጂ። ከወንጌል በኋላ የመጣውን እኔም ብሆን አላቆርብም።»

በዚያ ቀን ቅዳሴውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመን አስቀደስን። የሚቆርቡት ሲገቡ እሷ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። ስንመለስ በእግር ተመለስን። የነጠላዋ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ።

ሹፌሯ ነገሩን ስንነግራት ቡታጋዙን አጠፋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ለነጠላ ብለሽ ሰው ሐይቅ ታጠጫለሽ?»

«ተያት» አለች ባለሱቋ። «የሳቅሁት እኔ ነኝ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሲያምር ግን!» አለች። ሦስታችንም ሳንፈልግ ሳቅን።

ማታ ነጠላውን በጀሪካኑ ውሃ አጠብሁት፤ መኪናው ውስጥ ከመጋረጃው ገመድ ላይ ሰቀልሁት። አልደረቀም።

ማክሰኞ ማልዳ ባለሱቋ እንዲህ አለችን፦ «ከአሁን ጀምሮ አንድ ቃል አልናገርም። ዝናብ ነው፣ ሐይቅ ነው፣ አፌን ከከፈትሁ አንድ ነገር ይገባል።» እርጥቡን ነጠላ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ከኋላ አሰረችው፤ ዓይኗ ብቻ ቀረ።

ሹፌሯ ሞተሩን እያስነሣች «ሃያ ዓመት ስለምነው የኖርሁት ዝምታ ዛሬ መጣልኝ» አለች።

ማዶ ያለችው ማርያም በውሃው ቅርብ ናት። በመኪና ግን የሐይቁን ዳር ተከትሎ ብዙ መዞር አለ። በስተግራችን ሐይቁ፣ በስተቀኛችን የጤፍና የዳጉሳ እርሻ ነበር። ሞገዱ እየመጣ ከመንገዱ ሥር ይሰበራል። በሌላ ቀን ቢሆን ቆመን እናየው ነበር።

«እስቲ ስለ ምራትሽ ንገሪን» አለች ሹፌሯ በመስተዋቱ እያየቻት። «ባለፈው ጀምረሽው አላለቀም።» ባለሱቋ ከኋላ በጡጫ ትከሻዋን መታቻት። «እሺ፣ ምራቷ መልካም ናት ማለት ነው። ዝምታ መስማማት ነው።» ሁለተኛ ጡጫ መጣ። ዓይኗ ሲስቅ አየሁና ፈራሁ። «እባክሽ አታስቂያት» አልሁ። ሹፌሯም ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ወደ አምስት ሰዓት ዶፍ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሹፌሯ ወደ ፊት አለች፣ ወደ ኋላ አለች፣ ድንጋይ አስገባን፣ ቅጠል አስገባን። ጎማው ይዞራል እንጂ አይንቀሳቀስም። ከሩቅ የመጀመሪያው ደወል ተሰማ።

ሹፌሯ ሞተሩን አጠፋች። ያቺ መኪና ከባለቤቷ የቀረቻት ብቸኛ ነገር ናት። ስታጥባት እንኳን በሯን ሳትቆልፍ ቀርታ አታውቅም። አሁን ግን ሳትቆልፋት ቁልፉን ኪሷ ከትታ ጫማዋን አወለቀች። «ሐይቁ ከወሰዳት ይውሰዳት። ተነሡ» አለች።

በባዶ እግራችን ሄድን። ጃንጥላ ነፋሱን አልቻለውም። ባለሱቋ አንገቷን ደፍታ ከፊታችን ትራመዳለች፤ በዚያ ጉሮሮ በአፍንጫ ብቻ መተንፈስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ያፏጫል። «ቁሚ፣ ትንሽ ዕረፊ» ስላት ራሷን ትነቀንቅና ትቀጥላለች።

ከኮረብታው ሥር ወደ ሐይቁ የሚገባ ጅረት አለ። በበጋ ሰው ዘሎ የሚያልፈው ይመስለኛል። ያን ዕለት ቡናማ ሆኖ ከጉልበት በላይ ነበር፤ ሐይቁም እየገፋው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሹፌሯ ቀድማ ገባች፤ እስከ ወገቧ ያዛት፤ ማዶ ወጥታ የዛፍ ሥር ይዛ እጇን ዘረጋችልን። ባለሱቋ በአንድ እጇ ከነጠላው ላይ አፏን ከደነች። ስለዚህ የቀራት አንድ እጅ ብቻ ነው። ያን እጅ እኔ ያዝሁት።

ትናንት ታንኳ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ዋና የማላውቀዋ እኔ ነኝ የያዝኋት። ሌላ ሰው አልነበረም። መካከል ላይ እግሯ ተንሸራተተ፤ ውሃው እስከ ደረቷ መጣ። ሰው ሲንሸራተት ይጮኻል። እሷ አልጮኸችም። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ከአፏ ሳታነሣ፣ ክብደቷን ሁሉ በእኔ ላይ ጣለች። እንዴት እንደቆምሁ አላውቅም። እኔ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ጮኽሁ። ሹፌሯ እጄን አግኝታ ጎተተችን።

ዳገቱን ስንወጣ ሁለተኛው ደወል ተደወለ። ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ አንድ ዲያቆን ወንጌሉን ይዞ ሲወጣ፣ ሌላው ጧፍ ሲያበራለት አየን። አረጋዊው ቄስ ጥና ይዘው ቆመዋል። ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ የሆነች፣ አፏን የታሰረች ሴት በሴቶች በር ስትገባ አዩ። በዓይናቸው ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም አልገባም ማለቷ ነው። ቄሱ ወደ ወንጌሉ ዞሩ፤ ተነበበ።

እኔና ሹፌሯ ከውጭ ከግድግዳው ሥር ቆምን። ውሃው ከቀሚሳችን እየተንጠባጠበ እግራችን ሥር ኩሬ ሠራ። አንዲት የማናውቃቸው እናት ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። በኋላ ስናይ ባለሱቋ ለብሳዋለች። ነጭ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ቆረበች። ከተቀበለች በኋላ አፏን በጋቢው ሸፍና ወጥታ ከጎናችን ቆመች። ሹፌሯ ጃንጥላውን ከፈተችና፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ በላይዋ ያዘችላት።

መኪናዋን ከጭቃው ያወጡልን የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ በገመድ ጎትተው። ማንም የሰረቀን ነገር አልነበረም። ዳቦአችንን አብረን በላን። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን፣ ደብረ ማርቆስን ሳንቆም አልፈን፣ ደጀን ላይ ጉም ውስጥ ገብተን አባይን ወረድን። ሲመሽ አዲስ አበባ ነበርን።

ሐሙስ አልጋ ያዘች። ቀዶ ጥገናው ዓርብ ጠዋት ነበር። ልትገባ ስትል አንዲት ነርስ መጥታ አንገቷ ላይ ያለው ማተብ መውለቅ እንዳለበት ነገረቻት። ነርሷ ክርስቲያን ኖራ አፍራለች፤ «እማዬ፣ የሚቆረጠው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለቻት። ማተቡ ክርስትና ከተነሣች ጀምሮ፣ ክሩ ሲያረጅ በሌላ ከመተካት በቀር፣ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። እሷ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አዙራ ቋጠሮውን በራሷ ጣት ፈታችው።

«ምንም አይደል ልጄ» አለች። ወደ እኔ ዘረጋችው። «ያዥልኝ።»

ፊቷን አየሁት፤ ፍርሃት አልነበረበትም። ከይጁቤ ስትነሣ የነበረባት ፍርሃት የት እንደቀረ አውቃለሁ።

ማተቡን በእጄ አንጓ ላይ አስሬ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሹፌሯ ከጎኔ እንቅልፍ ወሰዳት። ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ነቅታለች አሉን። እግዚአብሔር ይመስገን። በስምንተኛው ቀን፣ ቁስሉ ሲደርቅ፣ ማተቡን መልሼ እኔው አሰርሁላት፤ ጠባሳው ላይ እንዳያርፍ ክሩን ትንሽ አስረዝሜ።